ሃርድ ዲስክ ከተጨመረ በኋላ የኮምፒውተር አለመነሳት

ሃርድ ዲስክ ከተጨመረ በኋላ የኮምፒውተር አለመነሳት ቀድሞ በደህና ይሠራ የነበረ ኮምፒውተር ተጨማሪ ዲስክ ሲገጠምለት ስርዓተ ክወናውን መክፈት አቅቶት በጥቁር ስክሪን፣ በአምራቹ አርማ ወይም በስህተት መልእክት ላይ ቆሞ የሚቀርበት ችግር ነው። በዴስክቶፕም በላፕቶፕም ላይ ይከሰታል። ዊንዶውስ የተጫነበትንም ሊኑክስ የተጫነበትንም ያጋጥማል።

አብዛኛውን ጊዜ የነበረው ዲስክም ሆነ በውስጡ ያሉት ፋይሎች አልተጎዱም። የተለወጠው ኮምፒውተሩ ስርዓተ ክወናውን የሚፈልግበት ቦታ፣ የገመዶቹ አቀማመጥ ወይም የኃይሉ ክፍፍል ነው። ስለዚህ ከአለመነሳቱ ይልቅ የሚያሰጋው ምክንያቱ ሳይጣራ ዲስኩን ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ነው። ዲስክ ይተካል፤ በውስጡ የነበረው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሰርግ ፎቶ ወይም የሱቅ ሒሳብ ግን ቅጂ ከሌለው አይተካም።

የአነሳስ ሂደት

የኃይል ቁልፉ ሲጫን መጀመሪያ የሚሠራው ዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም በቀድሞዎቹ ኮምፒውተሮች ባዮስ፣ በአዲሶቹ ደግሞ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ባዮስ የሚለውን ስም የሰጠው አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ጋሪ ኪልዶል ሲሆን፣ ስሙን የተጠቀመበት በ1970ዎቹ ለሠራው ሲፒኤም ለተባለ ስርዓተ ክወና ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ ካቀረበ በኋላ ስሙ በሰፊው ታወቀ። ዩኢኤፍአይ የተገኘው ኢንቴል በ1990ዎቹ መጨረሻ ከጀመረው ሥራ ነው። ከ2005 ጀምሮ ደግሞ በርካታ ኩባንያዎች አባል የሆኑበት ፎረም ያስተዳድረዋል።

የአነሳሱ ሂደት በ4 ደረጃዎች ይከፈላል።

1. ራስን መፈተሽ፦ ማዘርቦርዱ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ የስክሪን ካርዱንና የተሰኩትን ዲስኮች ይፈትሻል። እዚህ ላይ ችግር ሲኖር ኮምፒውተሩ ጢጥ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ወይም ስክሪኑ ጨርሶ ምስል አይሰጥም።

2. የማስነሻ ዲስክ መምረጥ፦ ባዮሱ በቅንብሩ ውስጥ የተመዘገበውን የማስነሻ ተራ ተከትሎ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ ይወስናል።

3. አስነሺውን ፕሮግራም መጥራት፦ በተመረጠው ዲስክ ላይ ያለው ትንሽ ፕሮግራም ይነበባል። ሥራው ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን ፈልጎ መቀስቀስ ነው።

4. ስርዓተ ክወናው መከፈት፦ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ሃርድዌሩን ተረክቦ እስከ መግቢያ ገጹ ይደርሳል።

ምርመራው ቀላል የሚሆነው ኮምፒውተሩ የትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ ሲታወቅ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የቆመ ኮምፒውተር የገመድ፣ የራም ወይም የኃይል ችግር አለበት። በ2ኛውና በ3ኛው ደረጃ የቆመው በአብዛኛው የቅንብር ችግር ነው። ሃርድ ዲስክ ከተጨመረ በኋላ በብዛት የሚያጋጥመው ይኸኛው ነው።

ያገለገለ ዲስክና አዲስ ዲስክ

በባዮስ አሠራር የዲስኩ የመጀመሪያ ክፍል 512 ባይት የሚይዝ ሲሆን ዋና የማስነሻ መዝገብ ይባላል። ከዚህ ውስጥ 446 ባይቱ ለአስነሺው ፕሮግራም፣ 64 ባይቱ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ ለሚያሳየው ሰንጠረዥ፣ የመጨረሻዎቹ 2 ባይቶች ደግሞ ለምልክት የተመደቡ ናቸው። ባዮሱ እነዚያን 2 ባይቶች አይቶ ምልክቱ ካለ «ይህ ዲስክ ያስነሳል» ብሎ ያምንና ሥራውን ለእሱ ያስረክባል። ምልክቱ ከሌለ ወደ ቀጣዩ ዲስክ ያልፋል።

ከፋብሪካ እንደወጣ ያልተነካ ዲስክ ይህ ምልክት የለውም፤ ስለዚህ በማስነሻ ተራው ቀድሞ ቢገኝ እንኳ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ቀድሞ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያገለገለ ወይም አንድ ጊዜ የተከፋፈለ ዲስክ ግን ምልክቱን ይዞ ይመጣል። ፋይሎቹ ቢጠፉም ምልክቱ ሊቀር ይችላል። ባዮሱ ለዚህ ዲስክ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ዲስኩ ላይ ዊንዶውስ ባይገኝ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላውን ዲስክ ላይሞክር ይችላል። «ስርዓተ ክወና የለም» የሚል መልእክት አውጥቶ ይቆማል። ዊንዶውሱ ግን በሌላኛው ዲስክ ላይ ሳይነካ ተቀምጧል።

ኮምፒውተሩ ላይ ተረስቶ የቀረ ፍላሽ ዲስክም በተመሳሳይ መንገድ አነሳሱን ሊያግድ ይችላል።

በዩኢኤፍአይ አሠራር ደግሞ ማዘርቦርዱ የአስነሺውን ፕሮግራም ስምና ቦታ በራሱ ማህደር ውስጥ መዝግቦ ይይዛል። ፕሮግራሙ የሚቀመጠው በዲስኩ ላይ ለዚሁ በተለየ አነስተኛ ክፋይ ውስጥ ነው። ይህ አሠራር ከቀድሞው የተሻለ ቢሆንም አንዳንድ ማዘርቦርዶች ዲስኩ ከአንድ መሰኪያ ወደ ሌላ ሲዛወር የያዙትን ምዝገባ ይጥሉታል። ስለዚህ አዲስ ዲስክ ለመግጠም ሲባል የነበረውን ዲስክ ቦታ መቀየር ራሱን የቻለ የአለመነሳት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ችግሩ በኮልፌና በአዲስ አበባ

ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኝ ሲሆን በምሥራቅ በኩል መርካቶ ከሚገኝበት ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ጋር ይዋሰናል። በክፍለ ከተማው እንደ አጠና ተራ፣ አየር ጤና፣ ቤቴልና ዘነበወርቅ ባሉ ሰፈሮች ኮምፒውተር ከመኖሪያ ቤት ውጭ በብዛት የሚገኘው በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ በፎቶ ቤቶች፣ በኢንተርኔት ቤቶችና በስልክ ሚሞሪ ላይ ፊልምና ሙዚቃ በሚጭኑ ሱቆች ውስጥ ነው። እነዚህ ሥራዎች የዲስክ ቦታ ይበላሉ፤ ስለዚህ ሁለተኛ ዲስክ መጨመር የተለመደ ነው።

በእነዚህ ቤቶች የሚገኙት ማሽኖች ብዙዎቹ በውጭ አገር ቢሮዎች አገልግለው የመጡ የዴል፣ የኤችፒና የሌኖቮ ዴስክቶፖች ናቸው። ጠንካራ ቢሆኑም ለአንድ ዲስክ ታስበው የተሠሩ አሉ። ትንንሾቹ ሳጥኖች አነስተኛ ፓወር ሰፕላይና ጥቂት መሰኪያ አላቸው። በአንዳንዶቹም የዲስኩ ኃይል የሚመጣው ከፓወር ሰፕላዩ ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ላይ በሚወጣ የተለየ ገመድ ነው። የሚጨመረው ዲስክም ከሌላ ማሽን የወጣ ያገለገለ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ከላይ የተገለጸው የማስነሻ ምልክት ችግር የመከሰት ዕድሉ ይጨምራል።

የኤሌክትሪክ ሁኔታም ይታሰብበታል። የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጡ አንዳንድ የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች በጀርባቸው 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ አላቸው። መቀየሪያው 115 ላይ ሆኖ ስፒናው ከሶኬት ጋር ከተገናኘ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል። ኮምፒውተሩን ለመክፈት ሲያገላብጡት መቀየሪያው ተነክቶ ሊዞር ስለሚችል መልሶ ከመሰካት በፊት መታየት አለበት። መብራት ሲጠፋና ሲመጣም ዲስኩ እየጻፈ ከነበረ የፋይል አደረጃጀቱ ሊዛባ ይችላል፤ በተለይ ትልቅ ፋይል ወደ አዲሱ ዲስክ በሚገለበጥበት ሰዓት።

በቴክኒክና ሙያ ተቋማት በሚሰጠው የሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪስ ሥልጠና ውስጥ የዲስክ ገጠማና የብልሽት ፍለጋ መሠረታዊ ትምህርት ነው።

ዋና ዋና ምክንያቶች

የማስነሻ ተራ መቀየር፦ ባዮሱ አዲሱን ዲስክ ሲያገኝ በዝርዝሩ አናት ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። ብዙ ማዘርቦርዶች ዲስኮችን በመሰኪያቸው ቁጥር ስለሚደረድሩ፣ አዲሱ ዲስክ 0 ወይም 1 የሚል ቁጥር ባለው መሰኪያ ላይ ከተሰካ ቅድሚያውን ሊያገኝ ይችላል። መፍትሔው ወደ ባዮስ ገብቶ የነበረውን ዲስክ ወደ መጀመሪያው ቦታ መመለስ ነው።

የላላ ወይም የተነካ ገመድ፦ ከ2003 ጀምሮ በተስፋፋው የሳታ አሠራር እያንዳንዱ ዲስክ 2 ገመዶች ይፈልጋል። አንዱ 7 የመገናኛ ነጥብ ያለው የመረጃ ገመድ ሲሆን ሌላው 15 ነጥብ ያለው የኃይል ገመድ ነው። አዲሱ ዲስክ ሲገባ የነበረው ገመድ ተገፍቶ በከፊል ሊወጣ ይችላል፤ ከውጭ ሲታይ የተሰካ ይመስላል። በዚሁ ሥራ መካከል ራሙ ተነክቶ ከቦታው ሊነሳም ይችላል፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ጢጥ እያለ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል።

የጃምፐር ግጭት፦ ከሳታ በፊት በነበረው በአይዲኢ አሠራር 40 ቀዳዳ ባለው በአንድ ሰፊ ገመድ ላይ 2 ዲስኮች ይሰካሉ። ከሁለቱ አንዱ «ማስተር» ሌላው «ስሌቭ» መሆን አለበት። ይህም በዲስኩ ጀርባ ላይ በምትሰካ ጃምፐር በተባለች ትንሽ ማገናኛ ይወሰናል። ሁለቱም ማስተር ከሆኑ አንዳቸውም ላይታዩ ይችላሉ። ይህ ችግር ዛሬ የሚያጋጥመው በጣም በቆዩ ማሽኖች ላይ ብቻ ነው።

የኃይል እጥረት፦ ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ 12 ቮልትና 5 ቮልት ይጠቀማል። ሳህኖቹ ከቆሙበት ተነስተው መሽከርከር ሲጀምሩ ለጥቂት ሰከንዶች ከ20 ዋት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ፍላጎቱ በጣም ይቀንሳል። ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ይህን የመጀመሪያ ጫና መሸከም ሲያቅተው ኮምፒውተሩ በርቶ ወዲያው ይጠፋል ወይም ደጋግሞ ይነሳል። ባለ 2.5 ኢንች ዲስክና ኤስኤስዲ በአብዛኛው 5 ቮልት ብቻ ስለሚጠቀሙ ጫናቸው አነስተኛ ነው።

የመሰኪያ መጋራት፦ በአዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ ኤም.2 የተባለ፣ እንደ ራም ተጋድሞ የሚገጠም ቀጭን ኤስኤስዲ የሚሰካበት ቦታ አለ። በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ይህ ቦታ ሲያዝ ከሳታ መሰኪያዎቹ 1 ወይም 2 በራሳቸው ይዘጋሉ። የነበረው ዲስክ በተዘጋው መሰኪያ ላይ ከነበረ ከባዮስ ዝርዝር ይጠፋል። የሞተ ይመስላል እንጂ ወደ ሌላ መሰኪያ ሲዛወር ይታያል።

የባዮስ ቅንብር መለወጥ፦ ዲስኩ እንዲታይ ተብሎ የሳታ አሠራሩ ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ወይም ወደ አይዲኢ ከተቀየረ ዊንዶውስ መከፈት ጀምሮ በሰማያዊ ስክሪን ላይ «የማስነሻው ዲስክ ሊደረስበት አልቻለም» የሚል ትርጉም ያለው መልእክት ያወጣል። ቅንብሩ ወደ ነበረበት ሲመለስ ችግሩ ይወገዳል። ባትሪውም ይታያል። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የተባለች ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ከደከመች፣ ስፒናው ተነቅሎ ዲስኩ በሚገጠምበት ጊዜ ቅንብሩ ሁሉ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ሰዓትና ቀኑ ወደ ኋላ መመለሱ የዚህ ምልክት ነው።

መንታ ዲስክ፦ አንዱ ዲስክ ወደ ሌላው ሙሉ በሙሉ ከተገለበጠ ሁለቱ አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ይይዛሉ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሰኩ ዊንዶውስ አንዱን ያግደዋል። ሊኑክስ ደግሞ በመለያው ሲፈልግ ያልታሰበውን ዲስክ ሊከፍት ይችላል። ግልበጣው እንዳለቀ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ማስነሳት ተገቢ ነው።

የተበላሸ ዲስክ፦ የተጨመረው ዲስክ ራሱ ከታመመ ባዮሱ መልስ እየጠበቀ በአምራቹ አርማ ላይ ለረጅም ጊዜ ሊቆም ይችላል። ቀጭ ቀጭ የሚል ተደጋጋሚ ድምፅ የማንበቢያ ራሱ መጎዳቱን ያመለክታል።

የምርመራ ቅደም ተከተል

የብልሽት ፍለጋ መሠረቱ የመጨረሻውን ለውጥ መቀልበስ ነው። ከአንድ ነገር በላይ በአንድ ጊዜ መቀየር ግን ምክንያቱን ይሰውራል፤ ኮምፒውተሩ ቢነሳ እንኳ የትኛው ለውጥ እንዳስነሳው አይታወቅም።

1. ኮምፒውተሩ ይጠፋል፣ ስፒናው ከሶኬት ይነቀላል። የኃይል ቁልፉን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ በመያዝ የቀረው ኃይል እንዲወጣ ይደረጋል። በላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይለያል።

2. ሳጥኑን ከመንካት በፊት የገመዶቹ አሰካክ በስልክ ፎቶ ይነሳል። የነበረው ዲስክ የተሰካበት ቁጥርም ይጻፋል።

3. የአዲሱ ዲስክ የመረጃም የኃይልም ገመድ ይነቀላል። ፍላሽ፣ የውጭ ሃርድ ዲስክና የስልክ ገመድም ይወጣሉ።

4. ኮምፒውተሩ ይበራል። ከተነሳ የነበረው ዲስክና ዊንዶውሱ ደህና መሆናቸው ተረጋግጧል፤ ቀሪው ሥራ አዲሱን ዲስክ የሚመለከት ብቻ ነው። ካልተነሳ የነበረው ዲስክ ገመዶች ነቅሎ ጠበቅ አድርጎ መሰካት፣ ራሙንም አውጥቶ መመለስ ይቀጥላል።

5. ወደ ባዮስ ይገባል። ኮምፒውተሩ እንደበራ በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10፣ በሌኖቮ ኤፍ1 ወይም ኤፍ2 ይጫናል። በሌሎች ብዙ ማዘርቦርዶች ዴሊት የሚለው ቁልፍ ያገለግላል። እዚያም የነበረው ዲስክ በስሙና በመጠኑ መታየቱ ይረጋገጣል። ከታየ የማስነሻ ተራው ይስተካከላል። ካልታየ ሌላ ገመድ፣ ቀጥሎም ሌላ መሰኪያ ይሞከራል።

6. ኮምፒውተሩ ብቻውን መነሳቱ ከተረጋገጠ በኋላ ጠፍቶ አዲሱ ዲስክ የመጨረሻ ቁጥር ባለው ነፃ መሰኪያ ላይ ይሰካል። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ተራው እንደገና ይታያል። በዴልና በሌኖቮ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 በመጫን ለአንድ ጊዜ ብቻ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ መምረጥም ይቻላል።

7. አዲሱ ዲስክ ሲሰካ ብቻ ችግሩ የሚመለስ ከሆነ ዲስኩ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ወይም በዩኤስቢ ማገናኛ ይፈተሻል። በሌላ ማሽን ላይ ከሠራ ጥርጣሬው ወደ ፓወር ሰፕላዩ፣ ወደ ገመዱና ወደ መሰኪያው ያመራል።

ለምሳሌ ባለ 500 ጊጋባይት ዲስክ ባለው የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ያገለገለ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ተጨምሮ «ስርዓተ ክወና የለም» የሚል መልእክት ቢመጣ፣ መልእክቱ መምጣቱ ራሱ የመጀመሪያው ደረጃ መታለፉን ያሳያል። ራሙና የስክሪን ካርዱ ይሠራሉ፣ አንድ ዲስክም ተነቧል። አዲሱ ተነቅሎ ዊንዶውስ ከተከፈተ፣ ተመልሶ ተሰክቶም የማስነሻ ተራው ሲስተካከል ከተነሳ ነገሩ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። በዚህ ሁሉ ሂደት አንድም ፋይል አልተነካም። ያው ኮምፒውተር በርቶ ወዲያው የሚጠፋ ቢሆን ግን ፍለጋው ከኃይል ይጀምራል፤ የባዮስ ቅንብርን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው።

ፋይሎችን መጠበቅ

ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ዲስኩ ላይ ምንም ነገር አለመጻፍ ዋናው ጥንቃቄ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ዲስኩን «ፎርማት ላድርገው?» ወይም «ላዘጋጀው?» ብሎ ቢጠይቅና በዲስኩ ላይ የሚፈለግ ፋይል ካለ መልሱ አይደለም ነው። ጥያቄው የሚመጣው ዊንዶውስ የዲስኩን አደረጃጀት ማንበብ ስላልቻለ እንጂ ዲስኩ ባዶ መሆኑን ስላረጋገጠ አይደለም። በሊኑክስ የተከፋፈለ ወይም በአደረጃጀቱ ላይ መጠነኛ ጉዳት የደረሰበት ዲስክም ይህንኑ ጥያቄ ያስነሳል።

ዊንዶውስ ጨርሶ ካልተከፈተ ፋይሎቹን በሌላ መንገድ ማውጣት ይቻላል። አንዱ መንገድ እንደ ኡቡንቱ ያለ ሊኑክስ በፍላሽ ላይ አድርጎ ሳይጭኑ ማስነሳት ነው። የነበረው ዲስክ ተከፍቶ ፋይሎቹ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይገለበጣሉ። ሌላው መንገድ ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ነው። ድምፅ የሚያሰማ ወይም በጣም የዘገየ ዲስክ ግን በተደጋጋሚ መብራት የለበትም። ስህተት የሚያርመውን የዊንዶውስ ፕሮግራም እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ማስኬድ ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል በቅድሚያ የሚገለበጠው መገልበጥ አለበት።

ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተጠበቀ ኮምፒውተር የማስነሻ ተራው ሲለወጥ ባለ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ ከሌለ ፋይሎቹን ማንበብ አይቻልም። ስለዚህ ዲስክ ከመጨመሩ በፊት ቁጥሩ ተጽፎ መቀመጡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በአማርኛ ለሚጽፉ ሰዎች ዊንዶውስን እንደገና መጫን ሌላ ኪሳራም አለው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በኋላ፣ የአማርኛ ጽሑፎች እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች በራሳቸው የፊደል አቀማመጥ ይጻፉ ነበር። እንዲህ ያለ ሰነድ የሚነበበው የተጻፈበት ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ ሲኖር ነው። የቆየው ዊንዶውስ ሲጠፋ ፎንቱም አብሮ ይጠፋል። ሰነዱ በሌላ ክፋይ ላይ ቢተርፍም ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። በቆዩ ጽሕፈት ቤቶች ውስጥ ከመጫን በፊት የፎንት ፎልደሩን መገልበጥ ያስፈልጋል የሚባለው ለዚህ ነው።

ከተነሳ በኋላ

ኮምፒውተሩ ቢነሳም አዲሱ ዲስክ በፋይል ማሳያው ላይ ላይታይ ይችላል። ያልተከፋፈለ ዲስክ ፊደል ስለማይሰጠው ይህ ብልሽት አይደለም። ዲስክ ማኔጅመንት በተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ውስጥ ባዶነቱ ተረጋግጦ ይዘጋጃል። በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ በቀድሞው አከፋፈል ኤምቢአር እና በአዲሱ ጂፒቲ መካከል ምርጫ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1983 ከዶስ 2.0 ጋር የመጣው ኤምቢአር በተለመደው ባለ 512 ባይት አደረጃጀት ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታ መጠቀም አይችልም። ስለዚህ ለትልልቅ ዲስኮች ጂፒቲ ይመረጣል። ባዶ ባልሆነ ዲስክ ላይ ይህን ምርጫ ማድረግ ፋይሎችን ከእይታ ያጠፋል።

ያገለገለ ዲስክ የሚፈለግ ፋይል ካስገቡበት በፊት ጤንነቱ መታየት አለበት። ዲስኮች ስማርት በተባለ ሥርዓት የሠሩባቸውን ሰዓታትና የተበላሹ ክፍሎቻቸውን ብዛት ራሳቸው ይመዘግባሉ። እንደ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች ይህን መዝገብ ያሳያሉ። የተተኩ ወይም ለመተካት የሚጠባበቁ ክፍሎች ቁጥር እየጨመረ የሚሄድ ዲስክ ለብቸኛ ቅጂ ማስቀመጫ አይሆንም።

መከላከያ

ዲስክ ከመጨመር በፊት ዋና ዋናዎቹን ፋይሎች ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ፣ የባዮሱን የማስነሻ ገጽ በስልክ ፎቶ ማንሳትና የፓወር ሰፕላዩን አቅም ማየት አብዛኛውን ችግር አስቀድሞ ያስቀራል። የኃይል ገመድ ሲያጥር የሚገዛ ማስረዘሚያም ይመረጣል። ሽቦዎቹ በቀለጠ ፕላስቲክ ተደፍነው የተሠሩ ርካሽ የሳታ ማስተላለፊያዎች ውስጣቸው እየተነካካ የሚቃጠሉ በመሆናቸው አይመከሩም። ላፕቶፕ ላይ በሲዲ ማጫወቻው ቦታ ሁለተኛ ዲስክ በሚገባበት ጊዜ ስርዓተ ክወናውን የያዘው ዲስክ በዋናው ቦታ ላይ እንዲቆይ ማድረግ ይሻላል። አንዳንድ ላፕቶፖች ከሲዲው ቦታ ማንሳት አይችሉም።

አዲስ ዊንዶውስ በሚጫንበት ጊዜ ደግሞ የሚጫንበት ዲስክ ብቻ ተሰክቶ ሌሎቹ መነቀል አለባቸው። 2 ዲስኮች ተሰክተው ከተጫነ ዊንዶውሱ በአንዱ ላይ ሆኖ አስነሺው ፕሮግራም በሌላኛው ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ይህ ለወራት ሳይታወቅ ይቆይና ሁለተኛው ዲስክ ሲበላሽ ወይም ለሌላ ሰው ሲሰጥ ኮምፒውተሩ አልነሳም ይላል። በሊኑክስም ተጨማሪው ዲስክ «ኤስዲኤ» ወይም «ኤስዲቢ» በሚለው ተለዋዋጭ ስሙ ሳይሆን በቋሚ መለያ ቁጥሩ ከተመዘገበ የመሰኪያ ለውጥ አነሳሱን አያደናቅፈውም።